ሲዮናን ከእንቁላል እስከ ልብ ምት መከታተል፦ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ሥራ፣ ደረጃ በደረጃ

ይህን ሥራ ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው የሚያነሳው ቅሬታ ከሦስት አያልፍም። «እንቁላሎቼ አልተከፈሉም።» «ተኝቼ ስነሳ ሁሉም ተፈልፍሎ ጠበቀኝ።» «ልቡን ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት።» የመጀመሪያው የንጽሕና ጉዳይ ነው፣ ሁለተኛው የሰዓት። ሦስተኛው ደግሞ በሌለበት ቦታ መፈለግ ነው።

ሲዮና ድንጋይ፣ የወደብ ምሰሶና የጀልባ ሆድ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ ሲነኩት ውሃ የሚተፋ፣ ለዓይን የጄሊ ከረጢት የሚመስል የባሕር እንስሳ ነው። ትልቁን ብቻ ያየ ሰው ዘመዳችን ነው ቢባል ይስቃል። እጩ (ከእንቁላል ወጥቶ የሚዋኘው ልጁ) ግን ኖቶኮርድ (የእኛም ፅንስ ያለው የጀርባ ዘንግ)፣ በጀርባ በኩል የሚሄድ የነርቭ ገመድና ባለጡንቻ ጅራት አለው። አካሉ ከ2,600 ያህል ሴሎች ብቻ የተሠራ ስለሆነ እያንዳንዱ ኦርጋን ከየትኛው ሴል እንደመጣ መከታተል ይቻላል። የምንለፋውም ለዚህ ነው።

መመሪያው ባሕር ዳር ባለ የምርምር ጣቢያ ኮርስ ለሚወስዱ ነው (ባሕር ዳር ስል ከተማዋን አይደለም፣ ጣና ውስጥ ሲዮና የለም)። አገራችን ባሕር ስለሌላት አብዛኛው ሐበሻ ተማሪ ይህን እንስሳ የሚያገኘው ናፖሊ (ጣሊያን)፣ ሮስኮፍ (ፈረንሳይ)፣ ዉድስ ሆል ወይም ካሊፎርኒያ (አሜሪካ) ሄዶ ነው። እዚያ የምትቆዩት ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው። አንድ ሌሊት ማበላሸት ያስቆጫል።

ከመጀመራችሁ በፊት የያዛችሁት የትኛው ሲዮና እንደሆነ ጠይቁ። ናፖሊና ካሊፎርኒያ ላይ የምታገኙት ሲዮና ሮቡስታ ነው። ሮስኮፍና ዉድስ ሆል ላይ ያለው ሲዮና ኢንተስቲናሊስ ነው። እስከ 2015 ድረስ ሁለቱም በአንድ ስም ይጠሩ ስለነበር የቆየ ጽሑፍ ላይ «ኢንተስቲናሊስ» የሚል ስታዩ ሮቡስታ ሊሆን ይችላል። ከታች ያሉት ሰዓቶች ለሮቡስታ በ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሠሩ ናቸው።

1. መጀመሪያ ሰዓታችሁን ቁረጡ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ከማዳቀል እስከ መፈልፈል 18 ሰዓት ያህል ነው። ጠዋት አዳቅላችሁ ማታ ከተኛችሁ ጅራት፣ ኖቶኮርድና ጡንቻ የሚሠሩበትን ሰዓት ትራስ ላይ ታሳልፉታላችሁ። ሁለት ዙር አዳቅሉ።

• አንደኛው ዙር ከጠዋቱ 3 ሰዓት። 4 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ክፍፍል፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጋስትሩላ (አንዱ ጎኑ ወደ ውስጥ የሚገባ ፅንስ)፣ 10 ሰዓት ላይ ኒውሩላ (የነርቭ ቱቦው የሚሠራበት ደረጃ)፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ጅራቱ ሲጀምር ታያላችሁ።

• ሁለተኛው ዙር ከምሽቱ 2 ሰዓት። ክፍፍሉን አይታችሁ ሂዱና ተኙ። በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የ12 ሰዓት ፅንስ ይጠብቃችኋል። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ይፈለፈላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ማስታወሻችሁ ላይ «9 ሰዓት» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። እኔ በአንድ ኮርስ ላይ ግማሹን በሐበሻ ሰዓት፣ ግማሹን በፈረንጅ ሰዓት ጽፌ፣ ስዕሎቼን በሳምንቱ መደርደር አቅቶኝ አንድ ሙሉ ዙር ጥያለሁ። «ከማዳቀል በኋላ 9 ሰዓት ከ20» ብላችሁ ጻፉ። ከዚህ በታች ሰዓት ስል ሁልጊዜ ከማዳቀል በኋላ ያለፈውን ማለቴ ነው።

2. ዕቃ

• በ0.2 ማይክሮሜትር ማጣሪያ የተጣራ የባሕር ውሃ፣ ቢያንስ 2 ሊትር። አስቀድማችሁ 18 ዲግሪ ላይ አስቀምጡት።

• ሙቀቱን የሚጠብቅ ኢንኩቤተር። የክፍሉ ሙቀት በቂ ነው ብላችሁ አትሞኙ። ውስጡ ቴርሞሜትር አስገቡ፣ በር ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑ።

• የመስታወት ፒፔቶች። አፋቸውን እሳት ላይ አለዝቡ፣ ስለታም ጠርዝ ፅንስ ይቆርጣል። ለእንቁላል የተለየ፣ ለዘር የተለየ። በቀለም ምልክት አድርጉባቸው።

• ፔትሪ ሳህን፣ ቀጭን መቀስ፣ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ፣ ባለ 10 እና ባለ 20 ሌንስ ያለው ተራ ማይክሮስኮፕ።

• ቫዝሊን። ለፊት አይደለም፣ ጥቅሙን ደረጃ 6 ላይ ታያላችሁ።

በሳሙና የታጠበ ዕቃ አትጠቀሙ። የፎርማሊን ጠርሙስ የነበረበትን ዕቃማ በፍጹም፣ ቢታጠብም ፅንስ ይገድላል። አዲስ ወይም «ለሕያው ብቻ» ተብሎ የተለየ ዕቃ ይሁን። ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ እንቁላሉ ዝም ሲላችሁ መጀመሪያ ዕቃችሁን ጠርጥሩ።

3. እንስሳቱን አዘጋጁ

ሲዮና ከጨለማ በኋላ ብርሃን ሲያገኝ እንቁላሉንና ዘሩን ወደ ውሃው ይለቃል። ስለዚህ ለጥቂት ቀናት መብራት ሳይጠፋባቸው አስቀምጧቸው፣ በሆዳቸው ይጠራቀማል። የመጨረሻው ሰው መብራት አጥፍቶ እንዳይወጣ ማብሪያው ላይ ወረቀት ለጥፉ። ጠዋት ባዶ ቱቦ ይዞ የሚገኝ እንስሳ ብዙ ጊዜ የዚህ ውጤት ነው።

ቢያንስ ሦስት እንስሳ ምረጡ። ሲዮና ወንድም ሴትም ነው፣ ግን እንቁላሉ የራሱን ዘር አይቀበልም ማለት ይቻላል። አንድ እንስሳ ብቻ ይዛችሁ «ወንድም ሴትም ነው አይደል» ብላችሁ ከጀመራችሁ ቀኑን ሙሉ ያልተከፈለ እንቁላል ስታዩ ትውላላችሁ።

4. እንቁላሉን አውጡ፣ ከዚያ ዘሩን

ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። እንቁላል መጀመሪያ ነው።

የውጭውን ወፍራም ሽፋን በመቀስ ሰንጥቃችሁ አውልቁ። በአንድ ጎን ላይ ጎን ለጎን የሚወጡ ሁለት ቱቦዎች ታያላችሁ። ሰፋ ያለውና እንደ አሸዋ ጥራጥሬ የሚታይበት የእንቁላል ቱቦ ነው። ቀጭኑና እንደ ወተት የነጣው የዘር ቱቦ ነው።

የእንቁላሉን ቱቦ ጫፉ አካባቢ ትንሽ ቁረጡና በቀስታ ወደ ውጭ እየገፋችሁ እንቁላሉን በፒፔት ልቀሙ። ንጹሕ የባሕር ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ ጨምሩት። ከዚያ ብቻ የዘሩን ቱቦ ቁረጡና ነጩን ፈሳሽ ውሃ ሳትነኩት በደረቁ ትንሽ ቱብ ውስጥ ሰብስቡ፣ በረዶ ላይ አስቀምጡት። ውሃ ካልነካው ቀዝቃዛ ቦታ ይቆይላችኋል። ውሃ የነካው ግን ዋናውን ይጀምርና ይደክማል።

የዘሩ ቱቦ በስህተት ከተበሳስ? ያንን እንቁላል ለይታችሁ 3 ጊዜ በንጹሕ ውሃ እጠቡት። የራሱን ዘር ስለማይቀበል ብዙ ጊዜ ይድናል። የእንቁላሉን ሽፋን ልታወልቁ ካሰባችሁ ግን ጣሉት፤ ራስን ያለመቀበሉ ነገር ያለው ሽፋኑ ላይ ስለሆነ ራቁቱን የቀረ እንቁላል የራሱንም ዘር ያስገባል።

አሁን እንቁላሉን በማይክሮስኮፕ እዩት። ጥሩ እንቁላል ክብ ነው፣ ስፋቱ ከሚሊሜትር አንድ ሰባተኛ ገደማ ሆኖ ዙሪያውን እንደ ፀሐይ ጨረር የቆሙ ሴሎች ያለብሱታል። የተጨማደደ፣ የጠቆረ ወይም ጨረሩ የረገፈበት ከበዛ ሌላ እንስሳ ክፈቱ። በመጥፎ እንቁላል መሟገት ጊዜ ማባከን ነው።

5. አዳቅሉ፣ ሰዓት ጻፉ

ከሁለት ሌሎች እንስሳት የወሰዳችሁትን ዘር 1 ማይክሮሊትር ገደማ በ1 ሚሊሊትር የባሕር ውሃ በጥብጡት። ከዚያ ሁለት ሦስት ጠብታ እንቁላሉ ባለበት 10 ሚሊሊትር ውሃ ላይ ጨምሩ። ሳህኑን በቀስታ አዙሩ። ሰዓታችሁን ጻፉ።

እዚህ ላይ እጃችሁ አይለግስ። ውሃው ወተት እስኪመስል ዘር የሚጨምር ሰው አይቻለሁ። ሁለት ሦስት ዘር በአንድ እንቁላል ይገባና ክፍፍሉ የተዘበራረቀ ይሆናል፤ የተረፈውም ዘር በስብሶ ውሃውን ያበላሻል። ውሃው ለዓይን ጥርት ያለ መሆን አለበት።

ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ። እንቁላሉ ሲረጋ የላዩን ውሃ ቀድታችሁ አውጡ፣ አዲስ ጨምሩ። ሁለቴ ድገሙት። ከዚያ በአንድ ሳህን ላይ አንድ ንብርብር ብቻ እንዲሆኑ በትኑ። ተደራርበው የተኙ ፅንሶች ይታፈናሉ።

በ1 ሰዓት ላይ ቁጠሩ። ከ100 እንቁላል 90 ያህሉ ለሁለት ከተከፈለ ደስ ይበላችሁ። ግማሹ ብቻ ከሆነ ዘሩ ደክሟል ወይም እንቁላሉ አርጅቷል፣ ከሌላ እንስሳ ድገሙ። ምንም ካልተከፈለ 20 ደቂቃ ብቻ ጨምሩለት፣ የኢንኩቤተሩን ሙቀት እዩ። ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

*ሽፋኑን ላውልቀው ወይስ ልተወው?* ብዙ ቤተ ሙከራ በሶዲየም ታዮግላይኮሌትና በፕሮቲን አፍራሽ ኤንዛይም ያወልቀዋል፣ ለኢሌክትሮፖሬሽን (በኤሌክትሪክ ዲኤንኤ ለማስገባት) እና ለማቅለም ይመቻል። ለመመልከት ብቻ ከሆነ ተዉት። አንደኛ፣ ራቁት ፅንስ ፕላስቲክ ከነካ ተጣብቆ ይቀደዳል፤ ሳህኑን በአጋሮዝ ወይም በጄላቲን መቀባት አለባችሁ። ሁለተኛ፣ ሽፋኑ ከወለቀ የግራና የቀኝ ልዩነቱ ይዛባል። አንድ ጓደኛዬ ዓይኑ የሚገኝበትን ጎን ሊቆጥር ራቁት ፅንሶች ይዞ ሁለት ቀን ደክሞ፣ ግራም ቀኝም እያገኘ ተናዶ ነበር። ጥፋቱ የፅንሱ አልነበረም።

6. የመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓታት፦ ፊትና ኋላውን ለዩ

ኦርጋን ገና የለም። ግን ፊቱንና ኋላውን እዚህ ካልለያችሁት በኋላ የምታዩት ሁሉ ድፍን ኳስ ይሆንባችኋል።

ስላይድ አዘጋጁ። በሽፋን መስታወቱ አራት ማዕዘን ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቫዝሊን አድርጉ። ፅንሶቹን በአንድ ጠብታ ውሃ ስላይዱ ላይ ጨምሩ፣ መስታወቱን በላያቸው አኑሩ፣ ሳይጨፈለቁ ልክ እስኪያዙ ድረስ በቀስታ ጫን አድርጉ። አሁን መስታወቱን በመርፌ ገፋ ስታደርጉት ፅንሱ ይንከባለላል። ይህች ዘዴ ከውድ ሌንስ ትበልጣለች። በየ10 ደቂቃው በጠርዙ ውሃ ጠብ አድርጉ፣ ካልሆነ ጨዉ ይጠነክርና ፅንሱ ይጨማደዳል።

የመጀመሪያው ክፍፍል እንስሳውን ለግራና ለቀኝ ይከፍለዋል። በ8 ሴል ላይ፣ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ አራት ጥንድ ታያላችሁ። ከአራቱ አንዱ ጥንድ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ይታያል። ቢ 4.1 ይባላል። እሱ ያለበት ኋላ ነው። በዚያው ጫፍ በ16 ሴል ላይ ክፍፍሉ እኩል አይሆንም፣ ትንንሽ ሴሎች ይወጣሉ። እነዚህን ትንንሾች በዓይናችሁ ያዟቸው። እነሱ እስካሉ ፊትና ኋላ አይጠፋባችሁም።

ቢ 4.1ን ማክበር ያለባችሁ ሌላም ምክንያት አለ። በጅራቱ ላይ ከሚሠሩት 36 የጡንቻ ሴሎች 28ቱ ከዚህ ጥንድ ይመጣሉ፤ ልቡም፣ ኋላ እንቁላልና ዘር የሚሆኑት ሴሎችም እንዲሁ። ለጡንቻነት የሚያዘው ነገር ገና ሳይከፈል ከእናቱ ተሰጥቶ በእንቁላሉ ውስጥ ይቀመጥና ወደዚህ ጎን ይሰበሰባል። እንደ ኖቶኮርድ ያሉት ግን ከጎረቤት ሴል ምልክት ይጠብቃሉ። ስለዚህ በዚህ ሰዓት ፅንሱን ጨፍልቃችሁ ጎረቤቶቹን ካለያያችሁ ጡንቻ ኖሮት ኖቶኮርድ የሌለው ጉድ ሊሆንባችሁ ይችላል።

7. ጋስትሩላና ኒውሩላ፦ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ተኩል

በ110 ሴል ላይ፣ 5 ሰዓት አካባቢ፣ አንዱ ጎን ጠፍጠፍ ብሎ ወደ ውስጥ መግባት ይጀምራል። የተነፈሰ ኳስ በአውራ ጣት ስትጫኑት እንደሚሆነው ነው። የገባው አንጀትና ጉሮሮ የሚሆነው ነው። በ20ው ሌንስ የጎድጓዳውን አፍ ከላይ እዩት፤ ከጎን ብታዩት ጎድጓዳነቱ አይታወቅም። ካልታያችሁ መስታወቱን ገፉ እንጂ ፅንሱ ሞተ አትበሉ።

ከ6 ሰዓት በኋላ ፅንሱ ረዘም ይላል፣ የጀርባው ቆዳ ይጠፈጠፋል። ይህ የነርቭ ሰሌዳ ነው፤ ሴሎቹ እንደ ቼዝ ሰሌዳ በረድፍ ተሰልፈዋል። ሁለቱ ጠርዞች ይነሡና ይገናኛሉ፣ ቱቦ ይሆናል። አዘጋጉ እንደ ዚፕ ነው፣ ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት። መጨረሻ የሚዘጋው ፊት ያለችው ቀዳዳ ናት።

ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፊት ያለውን ክፍት ቀዳዳ አይቶ «አፍ» ብሎ ይጽፋል። አፍ አይደለም። በዚህ ሰዓት አፍ የሚባል ነገር የለም፣ እጩ ተፈልፍሎ ሲዋኝ እንኳ አይበላም። ቱቦው በአብዛኛው ፅንሶቻችሁ ላይ ሳይዘጋ ከቀረ ግን ሙቀት ነው የምትጠረጥሩት። ኢንኩቤተሩ ከ22 ዲግሪ አልፎ ከነበረ ያንን ዙር ጣሉ።

8. የጅራት እምቡጥ፦ ከ9 እስከ 17 ሰዓት

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ጊዜ ያላችሁ እዚህ ላይ ቁሙ፣ በየ30 ደቂቃው አንድ ስዕል ሳሉ። ፎቶ ብቻ አታንሱ። ፎቶ ሳያዩ ማንሳት ይቻላል፤ ሳያዩ መሳል ግን አይቻልም።

*ሀ. ኖቶኮርድ።* መጀመሪያ በጅራቱ መሃል እንደ ድንጋይ ክምር የታጨቁ ሴሎች ታያላችሁ። 40 ናቸው። ጨምረው አይከፈሉም፤ ጅራቱን የሚያስረዝመው አሰላለፋቸው ነው። ከግራና ከቀኝ እየተሽሎከሎኩ በመካከል ይገቡና አንድ ረድፍ ይሆናሉ። የዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሁለት ረድፍ የነበረው ሕዝብ አንድ መስመር ሲሆን ሰልፉ እንደሚረዝም አስቡት። 12 ሰዓት አካባቢ እንደተደረደረ ሳንቲም ይታያሉ። ትኩረቱን በጣም በቀስታ እያዞራችሁ መሃሉን ፈልጉ፤ ላይ ያለው ጡንቻ ከጋረዳችሁ ገና አልደረሳችሁም። ከ40ው 32ቱ ከፊተኛው ጥንድ፣ በጅራቱ ጫፍ ያሉት 8ቱ ደግሞ ከቢ 4.1 የመጡ ናቸው። በኋላ በየሁለቱ ሴሎች መካከል ፈሳሽ ያለበት ክፍተት ይከፈታል፣ ክፍተቶቹም ተያይዘው አንድ ቱቦ ይሆናሉ። ይህን ለማየት እስከ መፈልፈሉና ከዚያም በኋላ መቆየት አለባችሁ።

ጅራቱ አጭርና የተጣመመ ሆኖ ከቀረ? ሳንቲሞቹን እዩ። ሁለት ረድፍ ከሆኑ ሰልፉ አልተስተካከለም፣ ፅንሱ ታሟል። አንድ ረድፍ ሆነው ጅራቱ ሽፋኑ ውስጥ ስለተጠቀለለ ብቻ ከሆነ ደህና ነው።

*ለ. ጡንቻና የነርቭ ገመድ።* ጡንቻው በእያንዳንዱ ጎን 18 ሴል ነው፣ በሦስት ረድፍ። ጅራቱን በሽንኩርት አቆራረጥ በሐሳባችሁ ክተፉት፦ መሃል ኖቶኮርድ፣ በላዩ የነርቭ ገመድ፣ በሥሩ ኋላ አንጀት የሚሆኑ ሴሎች ቀጭን ሰልፍ፣ ግራና ቀኝ ጡንቻ፣ ዙሪያውን ቆዳ። ይህን ክብ ስዕል ማስታወሻችሁ ላይ አስቀድማችሁ ሳሉትና በማይክሮስኮፕ የምታዩትን እያንዳንዱን መስመር ከእሱ ጋር አስተያዩ። የነርቭ ገመዱ ራሱ በአራት የሴል ረድፍ የተሠራ ነው፦ አንዱ ወለል፣ አንዱ ጣሪያ፣ ሁለቱ ግድግዳ። ከመፈልፈሉ በፊት ጅራቱ ብድግ ብድግ ማለት ይጀምራል። ጡንቻና ነርቭ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

*ሐ. ጥቁሮቹ ነጥቦች።* በጭንቅላቱ ውስጥ፣ የነርቭ ቱቦው ሰፍቶ ከረጢት በሆነበት፣ መጀመሪያ አንድ ጥቁር ነጥብ ብቅ ይላል። ኦቶሊት ነው፣ ላይና ታቹን የሚያውቅበት። ቀጥሎ ከኋላው ሁለተኛው ይመጣል፣ ኦሴለስ፣ ብርሃን የሚለይበት። አንድ ነጥብ ብቻ ካያችሁ ቶሎ «ጎደሎ ነው» አትበሉ፣ አንድ ሁለት ሰዓት ጠብቁት። ከዚያም ገልብጡት፤ ኦሴለሱ በስተቀኝ ስለሚያደላ ከግራ ስታዩት ሊደበቅ ይችላል።

*መ. ልብ።* አሁን ወደ ሦስተኛው ቅሬታ መጣን። ልቡ ጅራቱ ሥር ይጀምራል። በ110 ሴል ላይ በእያንዳንዱ ጎን ቢ 7.5 የምትባል አንዲት ሴል አለች። ኒውሩላ ሲያልቅ ልጆቿ ሲከፈሉ ከፊሎቹ ጅራቱ ላይ ቀርተው ጡንቻ ይሆናሉ። የቀሩት፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ በቆዳውና በአንጀቱ መሃል እየተሳቡ ወደ ፊት ይሄዱና በሆድ በኩል መሃል ላይ ይገናኛሉ። በጠቅላላው አራት ሴል ማለት ነው። ልብና የአንዱ መተንፈሻ (ትልቁ እንስሳ ውሃ የሚያስወጣበት ቀዳዳ) ጡንቻዎች ከነዚህ ይወጣሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፦ በተራ ማይክሮስኮፕ በሕያው ፅንስ ላይ እነዚህን አራት ሴሎች በእርግጠኝነት መለየት ከባድ ነው። ኮርሱ የሜስፒ ጂን መቀስቀሻ ያለበት አብሪ ፕላዝሚድ (እነዚህን ሴሎች የሚያበራ የዲኤንኤ ቀለበት) ካለው በኢሌክትሮፖሬሽን አስገቡና ከ9 እስከ 13 ሰዓት ድረስ በፍሎረሰንስ ተከተሏቸው። ከሌለ ስዕላችሁ ላይ «እዚህ አካባቢ» ብላችሁ በነጠብጣብ መስመር አክብቡ። ያላያችሁትን በወፍራም መስመር አትሳሉ። በእጩ ውስጥ የሚመታ ልብ ደግሞ አትፈልጉ፣ የለም። የሚመታው ከተጣበቀ በኋላ ነው።

9. እጩ ሲፈለፈል

18 ሰዓት ገደማ ላይ ሽፋኑን ጥሶ ይወጣል። መጀመሪያ ወደ ላይ ይዋኛል፣ ስለዚህ ከውሃው ገጽ ላይ በፒፔት ቅዱት። አንዳንዶቹ የውሃው ገጽ ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ፤ በጠብታ ውሃ ከላይ መታ መታ አድርጋችሁ አስጥሟቸው።

አልቆም ካላችሁ ወፈር ያለ የሜቲል ሴሉሎስ ጠብታ ጨምሩ፣ ይዘገያል። ጨፍልቃችሁ ለማቆም አትሞክሩ፣ ጅራቱ ከአካሉ ይለያል።

በዚህ ሰዓት ከፊት ወደ ኋላ እነዚህን ቁጠሩ፦ ሦስት መጣበቂያ ጉጦች፣ ሁለቱ ጥቁር ነጥቦች ያሉበት ከረጢት፣ በጀርባ በኩል ኋላ መተንፈሻ የሚሆኑ የቆዳ ጎድጓዶች፣ በሥራቸው ገና ያልተከፈተ ጉሮሮ። የጉሮሮው ወለል ኋላ ኢንዶስታይል ይሆናል። አዮዲን የሚሰበስብ ክፍል ሲሆን በእኛ አንገት ውስጥ ካለው የታይሮይድ ዕጢ ጋር ዝምድናው የሚነገርለት ነው። አሁን ገና ግድግዳ ብቻ ነው፣ ብዙ አትድከሙበት።

10. ከተጣበቀ በኋላ፦ ልቡን አሁን ፈልጉ

ለሁለት ሦስት ሰዓት ከዋኘ በኋላ ለመጣበቅ ይደርሳል። ንጹሕ ፔትሪ ሳህን ስጡትና አትነካኩት። በጉጦቹ ሲይዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይላቀቅ መቆየት አለበት፤ ከዚያ ነው ጅራቱን ወደ ውስጥ መሰብሰብ የሚጀምረው። በዚያች ግማሽ ሰዓት ሳህኑን አንቀሳቅሳችሁ ካላቀቃችሁት እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። ያ ሁሉ የለፋችሁበት ኖቶኮርድ፣ ጡንቻና የጅራት ነርቭ ተሰብስቦ ይፈርሳል።

የተጣበቁበትን ሳህን ገልብጣችሁ ንጹሕ ውሃ ባለበት ገንዳ ላይ አንሳፍፉት፣ ቆሻሻ አይወርድባቸውም። ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ።

ብዙ ጊዜ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን አካባቢ ልቡ ሲመታ ታያላችሁ። ጎኑን እዩት፤ በሆድ በኩል፣ ከኢንዶስታይሉ ወደ ኋላ፣ የሚጨማደድ ቀጭን ቱቦ ነው። ካገኛችሁት ቶሎ አትሂዱ። ለጥቂት ደቂቃ ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋል፣ ቆም ይላል፣ ከዚያ ወደ ኋላ መግፋት ይጀምራል። በሽታ አይደለም፣ ጤነኛውም እንዲሁ ነው። ወደ እያንዳንዱ አቅጣጫ ስንት ጊዜ እንደመታ ቁጠሩና ጻፉ።

በጉሮሮው በየጎኑ መጀመሪያ ሁለት ቀዳዳ ይከፈታል፣ ጠርዛቸው ላይ ፀጉር መሰል ነገሮች ሲርገበገቡ ታያላችሁ። እስኪከፈቱ ድረስ ምግብ አትስጡ። ሲከፈቱ በጣም ቀጠን ያለ የኬቶሴሮስ ዲያቶም ውሃ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። አንጀቱ ቡናማ መስመር ሆኖ ከታየ በልቷል። ውሃው ከደፈረሰ አብዝታችኋል፣ ወዲያው ቀይሩት።

ልቡ በ5ኛውም ቀን ካልታየ ጅራቱ ሙሉ በሙሉ መግባቱን እዩ። ግማሽ ጅራት ይዞ የቀረ እንስሳ አይለወጥም፤ ከሳህኑ አውጡትና ጎረቤቱን ተመልከቱ።

ስትጨርሱ የተረፈውን እንቁላል፣ እጭና ውሃ ወደ ባሕር አትድፉ። ሲዮና በብዙ አገር ወደብ ወራሪ ሆኖ የሙሰል አርቢዎችን ያስለቀሰ እንስሳ ነው። በረኪና ጨምሩበት፣ ሌሊቱን ይደር፣ ከዚያ ጣቢያው በሚለው መንገድ አስወግዱት። በረኪና የነካውን ዕቃ ግን «ለሕያው ብቻ» ከሚለው መደርደሪያ ላይ እንዳትመልሱት።